አንድሮይድ፦ ክፍት ኮድ፣ የንግድ የበላይነትና የሸሕዲ ሞባይል ቤት

አንድሮይድ የስማርት ስልክ ስርዓተ ክወና ነው፤ ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው፣ ስክሪኑን፣ ሲም ካርዱን፣ ካሜራውንና ባትሪውን የሚያስተዳድረው፣ ሌሎቹን መተግበሪያዎች ሁሉ ተሸክሞ የሚያሠራው ሶፍትዌር። በዓለም ላይ ካሉት አሥር ስማርት ስልኮች ሰባት ያህሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው ሸሕዲ፣ በመዝገብ ስሟ ገንደ ውሃ፣ የሰሊጥ ነጋዴውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ለአጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛም በኪሱ የሚይዘው ስማርት ስልክ ከጥቂቱ በስተቀር አንድሮይድ ነው።

ይህ ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ ከሚባሉት ወገን ይመደባል። ክፍት ምንጭ ማለት ኮዱ ተገልጦ የተቀመጠ፣ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲቀዳው፣ እንዲለውጠውና የለወጠውንም እንዲያሰራጭ በጽሑፍ የተፈቀደለት ሶፍትዌር ነው። ዋናው ጉዳይ ዋጋ ሳይሆን መብት ነው። በአማርኛ «ነጻ» የሚለው ቃል የማይከፈልበትንም ገደብ የሌለበትንም ስለሚጠራ ነገሩ ይምታታል፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ የሚሸጥ ሶፍትዌር በየኮምፒውተር ቤቱ ያለ ፈቃድ በሚጫንበት አገር ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይደበዝዛል። ሁሉም በነጻ ከመጣ፣ የትኛው በመብት የትኛው በዝምታ እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አንድሮይድን የጀመረው ጉግል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ አንድ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ የወጠነው ነው፤ ጉግል ኩባንያውን በ2005 ገዛው፣ የመጀመሪያው ባለ አንድሮይድ ስልክም በ2008 ገበያ ላይ ዋለ። ሶፍትዌሩ በሦስት ንብርብር የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዱ ንብርብር ፈቃድም የተለያየ ነው። ከሁሉም ሥር ያለው ሊኑክስ የተባለው ከርነል፣ የስርዓቱ እምብርት፣ ነው፤ ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረውና እስከ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሠሩበት። የሊኑክስ ፈቃድ ጠንካራ ግዴታ አለው፦ ኮዱን ለውጦ ለሌላ የሚያከፋፍል ሁሉ የለወጠውን ኮድ እንደዚያው ክፍት አድርጎ መስጠት አለበት። ከላዩ ያለው መካከለኛ ንብርብር አንድሮይድ ራሱ ነው። ይህኛው ላላ ባለ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ አምራቹ የፈለገውን ቀጥሎበት የራሱን ጭማሪ ዘግቶ መያዝ ይችላል። ስልክ አምራቾች ለአንድሮይድ የተንጋጉት በዚህ ምክንያት ነው። የራስን ስርዓት ከባዶ መጻፍ ዓመታት ይፈጃል፤ ይኸኛው ግን ተዘጋጅቶ ቀርቧል፣ ምሥጢርንም አያስወጣም።

ሦስተኛው ንብርብር ግን ክፍት አይደለም። የመተግበሪያ ሱቁ ፕሌይ ስቶር፣ ካርታው፣ ዩቲዩብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕሌይ ሰርቪስ የሚባለው ከጀርባ የሚሠራ ሶፍትዌር የጉግል የግል ንብረቶች ናቸው። ፕሌይ ሰርቪስን ተራው ተጠቃሚ በስሙ እንኳ ላያውቀው ይችላል፤ ነገር ግን መልእክት ሲመጣ ስልኩን የሚያነቃው፣ ቦታን የሚጠቁመው፣ የጉግል መለያን የሚያረጋግጠው እሱ ስለሆነ ብዙ መተግበሪያዎች ያለ እሱ ይደነቃቀፋሉ። በዓመታት ውስጥ ክፍት በሆነው ክፍል ይሠሩ ከነበሩት አገልግሎቶች በርከት ያሉት ወደዚህ ወደተዘጋው ክፍል ተሸጋግረዋል። ክፍቱ አንድሮይድ እንዳለ አለ፤ ብቻውን የተጫነበት ስልክ ግን ለገዢው ግማሽ ስልክ ነው።

የንግዱ የበላይነት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጉግል ኮዱን በነጻ ይሰጣል፤ ፕሌይ ስቶርን የሚፈልግ አምራች ግን ውል መፈረም ነበረበት። ውሉ የጉግል ፍለጋና ክሮም የተባለው ማሰሻ አብረው እንዲጫኑ፣ ፈራሚውም ከጉግል መስመር የወጣ የአንድሮይድ ዝርያ የጫነ ስልክ እንዳይሸጥ ያስገድድ ነበር። የታይዋኑ ኤሰር በ2012 የቻይናው አሊባባ ባዘጋጀው፣ ጉግል የአንድሮይድ ዝርያ ባለው ስርዓት የሚሠራ ስልክ ሊያስተዋውቅ ሲል በመጨረሻው ሰዓት የሰረዘው በዚህ ግፊት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2018 እነዚህን ውሎች ሕገወጥ ብሎ በጉግል ላይ የ4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ፤ ፍርድ ቤት በ2022 ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ ቢያደርገውም የውሳኔውን አብዛኛውን ክፍል አጽንቶታል። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ አዲስ ስልክ የሚከፍት ሰው የትኛውን የፍለጋ አገልግሎት እንደሚመርጥ ይጠየቃል። ሸሕዲ ላይ ከካርቶኑ የሚወጣ ስልክ ይህን አይጠይቅም።

የቻይናው ስልክ አምራች የሁዋዌ ጉዳይ የሦስቱን ንብርብሮች ልዩነት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። በግንቦት 2019 የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያውን በንግድ እገዳ ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ ጉግልም ለአዳዲስ ስልኮቹ አገልግሎቱን መስጠት አቆመ። አንድሮይድን ማንም አልነጠቀውም፤ ኮዱ ክፍት ነውና ሊነጠቅም አይችልም። የቀረበት ሦስተኛው ንብርብር፣ ፕሌይ ስቶርና ፕሌይ ሰርቪስን የመሰለው የጉግል ንብረት፣ ነው። ይኸው ከቻይና ውጭ የነበረውን ገበያ ክፉኛ ጎዳው።

በኢትዮጵያ በዚህ ላይ ሌላ ድርብ አለ። እዚህ በሰፊው የሚሸጡት ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ፣ የሼንዘኑ ትራንሽን፣ ምርቶች ናቸው። ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ ከፍቷል፤ ስልኮቹንም ቀድሞ ለአማርኛ ጽሑፍ በማዘጋጀቱ ገበያውን ይዟል። አንድሮይድን ተቀብሎ የራሱን ገጽታ ያለብሰዋል፤ በቴክኖው ላይ ሃይኦኤስ፣ በኢንፊኒክሱ ላይ ኤክስኦኤስ ይባላል። ከገጽታው ጋር የኩባንያው የራሱ የመተግበሪያ ሱቅ፣ የራሱ ማሰሻና ማስታወቂያ የሚልክ መተግበሪያ ተጭኖ ይመጣል፤ አንዳንዱም በተራ መንገድ አይጠፋም። ላላ ያለው ፈቃድ ለአምራቹ የሰጠው ነጻነት ለተጠቃሚው እንዲህ ሆኖ ይደርሰዋል፦ ያልጠራው እንግዳ፣ ጠባብ በሆነው የስልኩ ማኅደር ላይ።

ታዲያ ለተጠቃሚው የቀረው ምርጫ የት ነው? አንዱ ኪቦርዱ ነው። አንድሮይድ ከ2009 ጀምሮ ማንም የሠራውን ኪቦርድ እንዲጫን ፈቅዷል፤ አይፎን ይህን የፈቀደው በ2014 ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ስልኮች አማርኛውን ባዶ ሳጥን አድርገው ነበር የሚያሳዩት። ፊደሉ ሲመጣም የብዙ ስልኮች የፋብሪካ ኪቦርድ አማርኛ ስላልነበረው ክፍተቱን የሞሉት ኢትዮጵያውያን የሠሯቸው ኪቦርዶች ናቸው። ቀድሞ ይሸጥ የነበረው ኪይማንም ኤስአይኤል በተባለው ድርጅት እጅ ከገባ በኋላ ነጻና ክፍት ሆኗል። ዛሬ የጉግል ኪቦርድ አማርኛን ይዞ ስለሚመጣ ብዙው ሰው ሌላ አይፈልግም፤ «ሀ»ን በሁለት የላቲን ፊደል መጻፍ የለመደ ግን የለመደውን ኪቦርድ ከአሮጌው ስልክ ወደ አዲሱ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛውና ትልቁ ምርጫ መተግበሪያን ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍ ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያ ኤፒኬ በሚባል አንድ ፋይል ታሽጎ ይመጣል፤ ፋይሉ እንደ ዘፈን ይቀዳል፣ በሚሞሪ ይዞራል፣ በብሉቱዝ ወይም ዜንደር በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ መተግበሪያ ይላካል። እንደ ሸሕዲ ባለ ከተማ ያለ ሞባይል ቤት የቆመው በዚህ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቻርጀር ገመድ ተጠላልፎ፣ ከጎኑ ባለው ላፕቶፕ ውስጥ ዘፈኑ በአንድ ፎልደር፣ ፊልሙ በሌላ፣ መተግበሪያው በሦስተኛ ተደርድሯል። በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ ሲታጨድ ሠራተኛው ስልኩን አምጥቶ ኢሞና ቴሌግራም ያስጭናል፤ ዳታ አያወጣም፣ የጉግል መለያም ላይኖረው ይችላል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ፕሌይ ስቶር በስልኩ ላይ ምልክት ብቻ ነበር፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ፋይል ግን ኔትወርክ አይጠይቅም። ክፍትነት በዚህ ቆላ የሚታወቀው እንዲህ ነው። የአንድሮይድን ኮድ ከፍቶ ያነበበ ባይኖርም፣ ስልኩ ከሱቁ ውጭ የመጣ ፋይል ከመቀበል አለመከልከሉ የዕለት ተዕለት ጥቅም ነው።

ይህ መንገድ ስጋትም አለበት። ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ፋይል በመሐል ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ለዚህ መከላከያ አለው፦ እያንዳንዱ መተግበሪያ በሠሪው ዲጂታል ፊርማ ይታሸጋል፤ ፊርማው የተለየ ፋይል በነባሩ ላይ ሊጫን ሲል ስልኩ «አልተጫነም» ብሎ ይመልሰዋል። መከላከያው ግን የሚሠራው ነባሩ እስካለ ድረስ ነው። የሞባይል ቤቱ ባለሙያ «አሮጌውን አጥፋውና እንሞክር» ካለና ባለቤቱ ከተስማማ የተነካካው ፋይል ያለ ተከላካይ ይገባል። የገንዘብ መተግበሪያዎችን እንዲህ መጫን ብልህነት አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ ሌላ እንቅፋት መጥቷል። በዚያ ዓመት ነሐሴ ጉግል አዳዲስ መተግበሪያዎች ወደ ሱቁ የሚገቡት እንደ ቀድሞው በአንድ ኤፒኬ ሳይሆን በጥቅል እንዲሆን አዘዘ። ሱቁ ጥቅሉን ይፈታና ለእያንዳንዱ ስልክ እንደ ፕሮሰሰሩ፣ እንደ ስክሪኑና እንደ ቋንቋው የሚስማማውን ቁራጭ ብቻ ይልካል። ለዳታ ቆጣቢ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። ከስልክ ወደ ስልክ ለሚያሳልፍ ሰው ግን ከሳምሰንግ የተቀዳው ፋይል ለአይቴሉ የሚሆነው ቁራጭ ሊጎድለው ይችላል፤ ያኔ ወይ አይጫንም፣ ወይ ተጭኖ ሲነካ ይዘጋል። ባለቤቱ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ማንም ሳይከለክል መንገዱ የጠበበው እንዲህ ነው።

ቴሌግራም ሌላ ዓይነት ክፍትነት ያሳያል። በስልክ ላይ የሚጫነው የቴሌግራም ኮድ ክፍት ስለሆነ ሌሎች ለውጠው የራሳቸውን አውጥተዋል፤ ፕላስ ሜሴንጀር አንዱ ነው። መልእክቱ የሚያልፍበት የሰርቨሩ ኮድ ግን ዝግ ነው፤ ሁሉም ዝርያዎች የሚገናኙት ከአንዱ ኩባንያ ሰርቨር ጋር ነው። መስኮቱን መቀየር ይቻላል፣ ቤቱን አይቻልም።

ከጉግልም ከአምራቹም መላቀቅ ለሚሻ ሊኒጅኦኤስ አለ፤ በ2016 መጨረሻ ከተዘጋው ሳያኖጅንሞድ የወጣ፣ በፈቃደኞች የሚጠበቅ የአንድሮይድ ዝርያ። ከ2010 ጀምሮ ያለው ኤፍድሮይድ ደግሞ ክፍት መተግበሪያዎችን ብቻ የያዘ ሱቅ ነው። በሸሕዲ ሞባይል ቤት ለዚህ የሚጎድለው ሙያ አይደለም፤ የሞተ ስልክ ከኮምፒውተር ጋር በኬብል አገናኝቶ ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን፣ «ፍላሽ ማድረግ»፣ የዘወትር ሥራ ነው። የሚጎድለው ለስልኩ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ነው። ሊኒጅኦኤስ የሚዘጋጀው ለእያንዳንዱ ሞዴል ለብቻ ስለሆነ፣ ርካሽ ስልክ የሚሠሩ አንዳንድ አምራቾችም የከርነሉ ፈቃድ የሚያስገድዳቸውን ኮድ ስለማይለቁ፣ እዚህ በብዛት የሚሸጡት ስልኮች ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ቢጫንም አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ስልኩ በጉግል ያልተረጋገጠ መሆኑን አይተው አይከፈቱም። ስለዚህ ፍላሽ የሚደረገው ያው የፋብሪካው ሶፍትዌር ነው።

አንድሮይድ ራሱም እየተቀየረ ነው። ጉግል በመጋቢት 2025 የስርዓቱን ግንባታ በሙሉ በውስጥ እንደሚያካሂድ፣ ኮዱን የሚለቀው ሥራው ካለቀ በኋላ እንደሚሆን አሳወቀ፤ ፈቃዱ አልተለወጠም፣ ሲሠራ የሚያይ የሕዝብ ዓይን ግን የለም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫኑ መተግበሪያዎች ሠሪዎችም ማንነታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድድ ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ አጀማመሩ ከመስከረም 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ ከ2027 ወዲህ በሌሎች አገሮች እንዲሆን ታቅዶ። ጉግል ምክንያቱ ማጭበርበርን መከላከል ነው ይላል፤ ኤፍድሮይድ ግን ሕልውናዬን ይነካል ሲል ተቃውሟል። ከተቃውሞው በኋላ ኩባንያው ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያ የበዛበት መግቢያ እንደሚተው ተናግሯል። በዕቅዱ መሠረት በሞባይል ቤቱ ላፕቶፕ የተቀመጠው ፋይል በፕሌይ ስቶር አልፎ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፣ የሠሪው ስም ጉግል ዘንድ ካልተመዘገበ የጉግል አገልግሎት ያለው ስልክ በተራው መንገድ አይቀበለውም።