ፒ0171 ሲወጣ ምን ይቀየራል?

ቼክ ኢንጂን የምትባለዋ ቢጫ መብራት ክሩስኮቱ ላይ ስትበራ ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ይቀየር?» የሚል ነው። መሣሪያው ከመሪው ሥር ይሰካል፣ ኮድ ይወጣል፣ ኮዱ ያስጠረጠረው ዕቃ ይገዛል፣ መብራቷ ትጠፋለች። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ትበራለች።

መሣሪያው የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት የተስፋፋው ለመካኒክ ታስቦ ሳይሆን በአየር ብክለት ቁጥጥር ምክንያት ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ኦቢዲ ቱ የተባለውን ሥርዓት እንዲይዙ አስገደደች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 እ.ኤ.አ. ለቤንዚን መኪኖች ተመሳሳይ ግዴታ አወጣ። ከዚያ በፊት በነበሩ ብዙ ቶዮታዎች ኮዱ የሚነበበው ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ የመብራቷን ብልጭታ በመቁጠር ነበር። ሁለቴ ብልጭ ብላ አረፍ፣ ከዚያ አምስቴ ካለች 25 ነው፦ ቤንዚን አንሷል፣ አየር በዝቷል።

የዛሬው ፒ0171 የሚለውም ይህንኑ ነው። ፒ ጉዳዩ የሞተርና የካምቢዮ መሆኑን ያሳያል፤ ቀጥሎ ያለው 0 ደግሞ ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ መሆኑን። በዚያ ቦታ 1 ቢሆን ኖሮ አምራቹ ለራሱ ያወጣው ስለሚሆን የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ግድ ይላል።

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ሚዛኑ ሲዛባ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። ጭማሪው ከልክ ሲያልፍ፣ በብዙ መኪኖች ከ20 እስከ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ፣ ኮዱ ይመዘገባል። ይኼኔ ሴንሰሩን ነቅሎ አዲስ መግጠም እውነቱን የተናገረውን ምስክር እንደማሰር ነው። ሴንሰርም ይበላሻል፣ አይካድም፤ ግን ተራው መጀመሪያ ላይ አይደለም።

የሚሻለው ማሽኑ ላይ ይህንን ጭማሪ የሚያሳየውን ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር ሞተሩ እየሠራ ማየት ነው። በሚኒሞ ከፍ ብሎ ነዳጅ ተሰጥቶት በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢ ሲደርስ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያረጀ ጋስኬት ይፈለጋል። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ጭሱን በአየር ማስገቢያው ሲለቅ በስንጥቁ በኩል ብቅ ይላል። በተቃራኒው ቁጥሩ መኪናው ጭነት በበዛበት መጠን የሚያድግ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቤንዚን ፓምፑ፣ ወደ ፊልትሮው ወይም ወደ ቆሸሸው የአየር መለኪያ ሴንሰር ይዞራል።

ፒ0301 ከዚህ ይቀልላል፤ አንደኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ካለው የአንደኛውን ከሁለተኛው ጋር ማቀያየር ነው። ኮዱ ተከትሎ ፒ0302 ከሆነ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተከተለ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩ፣ መጨረሻም ኮምፕሬሽኑ በተራ ይታያሉ። ሳንቲም የማያስወጣ ፍተሻ ሆኖ ሳለ አራቱንም ኮይል በአንድ ቀን የሚያስለውጥ መካኒክ መኖሩ ይገርመኛል። መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ካታሊስቱን ሊያቀልጠው ስለሚችል ጉዞውን ማቋረጥ ነው።

በስልክ የሚያስነብቡት ርካሽ የብሉቱዝ መሣሪያዎች ባለመኪናውንም የዚህ ንባብ ተካፋይ አድርገዋል። ጉዳታቸው ማጥፊያዋ ቁልፍ ለእጅ መቅረቧ ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ያስቀምጣል፤ ኮዱ ሲጠፋ ያም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ሲመለሱ ደግሞ የጠፋችውን መብራት ትቶ ትሪሙ ወደ ዜሮ መጠጋቱን ማየት ያስፈልጋል።