የስኳር በሽታ ላለበት የመጠለያ ውሻ አሳዳጊ ስለ መፈለግ



ከጎዳና ተነሥቶ መጠለያ የገባ ውሻ የስኳር በሽታ ሲገኝበት፣ አሳዳጊ የመፈለጉ ሥራ በርኅራኄ ብቻ አይፈጸምም። ርኅራኄ ከመጠለያው ያስወጣው ይሆናል፤ በሕይወት የሚያቆየው ግን የማይዛነፍ ሰዓት ነው።

በውሾች ላይ የሚታየው የስኳር በሽታ በአብዛኛው ቆሽት በቂ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲሳነው የሚከሰት ነው፤ ስለዚህ እንስሳው ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ያስፈልገዋል። መርፌው በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር ተያይዞ ይሰጣል፤ የጠዋቱ በ1 ሰዓት ከሆነ የማታውም በ1 ሰዓት ነው። እንግዲህ ለአመልካቹ የሚቀርበው ቀዳሚ ጥያቄ «ውሻ ይወዳሉ?» ሳይሆን «በእነዚህ ሰዓቶች ቤት የሚገኘው ማን ነው? እርሱ በሌለ ጊዜስ ማን ይተካዋል?» የሚለው ነው።

ቀጥሎ ሕመሙ ሳይሸሸግ ይነገራል። ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ በዓይን ሞራ ምክንያት ብርሃናቸውን ያጣሉ። ውሻው ምግብ እንቢ ካለ፣ የተለመደው መጠን ከመሰጠቱ በፊት ሐኪም ይጠየቃል። ቢዝል ወይም ቢንገዳገድ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ድዱን ማር ቀብቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ያልመከነች ሴት ከሆነች ደግሞ፣ ከድራት በኋላ የሚጨምረው ሆርሞን የኢንሱሊኑን ኃይል ስለሚያዳክም፣ ከርክክቡ በፊት ማምከን ይመከራል።

አመልካቹ ወጪውን አስቀድሞ ሳያውቅ፣ መርፌውንም በሐኪም ፊት በገዛ እጁ ሰጥቶ ሳያሳይ ርክክብ ሊፈጸም አይገባም። እውነቱን ሰምቶ የሚመለስ አመልካች ውሻውን አይጎዳውም፤ ሳይሰማ የወሰደ ግን ዳግም ለመጠለያ ይዳርገዋል።