ሰው የማይወርድበት ጒድጓድ
የፍሳሽ ማጠራቀሚያ እንዴት እንደሚጠበቅና ሲደፈን እንዴት እንደሚከፈት

አንባቢ ሆይ፤ ቤት የሚከራይ ሰው ብዙ ነገር ይጠይቃል። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፥ የመብራት ቆጣሪው ለብቻ መሆኑን፥ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፥ የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠይቃል። «የሽንት ቤቱ ጒድጓድ መቼ ተመጠጠ? ክዳኑስ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ነገሩ ለአፍ ስለማይመች ይታለፋል። ዳሩ ግን ሳይጠየቅ የቀረው ነገር አንድ የክረምት ሌሊት ራሱ ይናገራል። ያን ጊዜ ግቢው ይሸታል፤ አከራይና ተከራይ ይጣላሉ፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንድ የቀን ሠራተኛ በጥቂት ብር ተዋውሎ ወደዚያ ጒድጓድ እንዲወርድ ይደረጋል።

እኛም ይህን ጽሑፍ የምናቀርብልዎ ስለዚህ ሰው ብለን ነው። በጊዜው ከላይ ሆነው የጠበቁት ጒድጓድ ሰው እንዲወርድበት አያስፈልግም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነው።

የደጋው ጠባይ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ያለችውን መካነ ሰላምን ለምሳሌ እንውሰድ። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ የሚመጣው መንገድ አቀስታን አልፎ ይደርስባታል፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢ የከፈተው በዚህችው ከተማ ነው። እንግዲህ ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ በሚበዛበት እንዲህ ባለ ከተማ፥ ለአንድ ቤተሰብ በተቆፈረ ጒድጓድ ላይ የስድስትና የሰባት ክፍል ተከራይ ሲጨመርበት ፈጥኖ መሙላቱ አይቀርም።

የደጋውም ጠባይ የራሱን ያክልበታል። አንደኛው ብርዱ ነው። በጒድጓዱ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ የሚያፈርሱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ሙቀት ሲያገኙ ይፈጥናሉ፥ ብርድ ሲያገኙ ይለግማሉ። ስለዚህ ቆላ ላይ ቶሎ የሚፈርሰው ደጋ ላይ ይዘገያል። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ጥቁር ዋልካ በክረምት አብጦ ውኃ አላሳልፍ ይላል፤ ከማጠራቀሚያው የሚወጣውም ፈሳሽ መስረጊያ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሦስተኛው ውኃው ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ በጀሪካን ተጠራቅሞ ስለሚቆጠብ፥ ለሽንት ቤቱ የሚደርሰው ሲኒ የምታህል ትሆናለች።

ጒድጓድዎ የትኛው ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን ዓይነት ይለዩ፤ ለአንደኛው መድኃኒት የሆነው ለሁለተኛው መርዝ ነውና።

የመጀመሪያው ደረቅ ጒድጓድ ነው። ውኃ አይፈስበትም። ለዚህ ዓይነቱ አመድ መልካም ነው፤ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ ቢነሰንሱበት ሽታውን ይቀንሳል፥ ዝንቡንም ያርቃል። እስከ አፉ ድረስ አይሞላም፤ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀረው በአፈር ተደፍኖ ሌላ ይቆፈራል። አሮጌው ቢያንስ 2 ዓመት ሳይነካ መቆየት አለበት። የዚህን ዓይነት ሽንት ቤት ሽታና ዝንብ የሚያስወግድ ብልሃት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ ተገኝቷል። ይኸውም ከጣራ በላይ የሚወጣ መተንፈሻ ቱቦ ማቆምና በአናቱ ላይ ወንፊት ሽቦ ማሰር ነው። ነፋሱ ሽታውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ዝንቡም ብርሃን አየሁ ብሎ በቱቦው ሲወጣ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ውኃ የሚፈስበት ሲሆን ሴፕቲክ ታንክ የሚባለው ነው። ሙራ የተባለ ፈረንሳዊ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የጀመረው፥ ካሜሮን የተባለ ሰው ደግሞ በ1895 እ.ኤ.አ. በኤክሰተር ከተማ አሻሽሎ ስሙን ያወጣለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው በተለይ ስለዚህኛው ነው።

በውስጡ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ማጠራቀሚያ ማለት ሁሉን የሚውጥ ሆድ ይመስለዋል። ነገሩ እንደ ጠላ ጋን ነው ቢሉ ይሻላል። ከባዱ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባትና ቀላል ነገር ከላይ ይሰፍፋል፤ በመካከል የጠራው ፈሳሽ በመውጫው ቱቦ በኩል ወደ መስረጊያው ይሄዳል። ለመጥለል ጊዜ ይፈልጋልና ፈሳሹ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል በውስጡ መቆየት ይገባዋል። አተላው በበዛ ቁጥር ለፈሳሹ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፤ ፈሳሹም ሳይጠል አተላውን እየያዘ ይወጣል። አተላ ወደ መስረጊያው ከደረሰ ደግሞ አፈሩን ይደፍነዋል። የተደፈነ ቱቦ በግማሽ ቀን ይከፈታል፤ የተደፈነ መስረጊያ ግን እንደ ገና ካልተቆፈረ አይድንም።

ምን ይደፍነዋል?

የወር አበባ መጠበቂያ፥ የሕፃን ዳይፐር፥ ጨርቅ፥ ፌስታል፥ ፀጉርና ጋዜጣ ባክቴሪያ የማያፈርሳቸው ወይም እጅግ ዘግይቶ የሚያፈርሳቸው ናቸው። ለእነዚህ በሽንት ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው ቅርጫት ያኑሩ፤ በብዙ ግቢ የጠብ ሁሉ መነሻ የዚህ ቅርጫት አለመኖር ነው። የወጥ ትራፊና የቅባት እጣቢም በቧንቧው ውስጥ ሲበርድ ይረጋል፤ በተለይ በደጋ አገር። ለደረቁ ጒድጓድ መድኃኒት ነው ያልነው አመድ እዚህ ሲገባ ከሥር ተጋግሮ ይቀራል። በረኪናም በብዛት ሲፈስ አፍራሾቹን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

የውኃ ማነስም ራሱን የቻለ ደፋኝ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መኝታና ወጥ ቤት ያለው፥ ቤት ሆኖ የተሠራ መኪና አለ። ከወለሉ ሥር ሁለት ማጠራቀሚያ ይኖረዋል፤ አንዱ ለእጣቢ፥ ሌላው ለሽንት ቤት ነው። አዲስ ባለመኪና የሽንት ቤቱን መልቀቂያ ከፍቶ የተወው እንደሆነ ፈሳሹ እየሾለከ ያልቅና ደረቁ ብቻ እንደ ኩይሳ ተከምሮ ይቀራል። ስለዚህ መልቀቂያውን ዘግተው ከውኃ ጋር ካጠራቀሙ በኋላ በአንድ ጊዜ ይለቁታል። የእኛም ቱቦ ሕግ ይኸው ነው፤ አሥር ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከማፍሰስ አንድ ጊዜ ባልዲ ሙሉ በኃይል መልቀቅ ይበልጣል። ንጹሕ ውኃ ከሌለ የልብስ እጣቢውን ውኃ ለዚህ ያቆዩት።

ሲደፈን ምን ይደረግ?

ከመሯሯጥ በፊት በሽታውን ይወቁ። አንድ መፍሰሻ ብቻ ከዘገየ ችግሩ እዚያው ቅርብ ነው። ሁሉም በአንድነት ከዘገዩ ወይም ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ በመታጠቢያው ወለል በኩል ከተንቦጫቦጨ፥ ችግሩ በዋናው ቱቦ ወይም በማጠራቀሚያው ነው። ቀጥሎም በደጅ ያለውን ማንሆል ከፍተው ይመልከቱ። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ ደፋኙ ከእርሱ ወዲያ፥ ወደ ማጠራቀሚያው በኩል ነው፤ ደርቆ ከተገኘ ደግሞ ከእርሱ ወዲህ፥ በቤቱና በማንሆሉ መካከል ነው።

በቅርብ የተደፈነውን ለመክፈት ረዘም ያለ እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ ይበቃል። ጎማው በውኃ ተሸፍኖ በደንብ ከገጠመ በኋላ ከላይ ወደ ታች አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ይግፉት፤ የሚሠራው መግፋቱ ብቻ ሳይሆን መሳቡም ነው። የእጅ መታጠቢያ ከሆነ ከሥሩ ባልዲ አድርገው ሲፎኑን ይፍቱና ያጽዱት። ቅባት ከሆነ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ያፍስሱበት፤ የፈላ ውኃ ግን የፕላስቲኩን ቱቦ ያጣምማል፥ ሸክላውንም ይሰነጥቃል። ለሩቁ የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከማንሆሉ በኩል እያሽከረከሩ ያስገቡ። ከታች ወደ ላይ መሥራት ይሻላል፤ ሲከፈት ፈሳሹ ወደ እርስዎ እንዳይመጣ ግን ፊትዎን ዘወር አድርገው፥ ጓንትና ቦት ጫማ አድርገው ይሁን።

የባትሪ አሲድ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። አሲድ ዓይን ያጠፋል፥ ሲሚንቶውን ይበላል፤ በረኪና ካለበት ቦታ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱን ፈጽሞ አያገናኟቸው።

መቼ ይመጠጥ?

እስኪፈስ ድረስ አይጠብቁ። አተላውና ሰፋፊው አንድ ላይ የማጠራቀሚያውን አንድ ሦስተኛ ሲይዙ መመጠጥ አለበት። ይህንንም ከላይ ሆኖ መለካት ይቻላል። ረጅም እንጨት ጫፉን ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በክዳኑ ቀዳዳ እስከ ወለሉ ያውርዱት፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ቀስ ብለው ያውጡት። ጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ የቀረው ምልክት የአተላውን ከፍታ ይነግርዎታል። ክዳኑን ሲከፍቱ ሲጋራም ሻማም አይኑር፤ በላዩም አያጎንብሱ። ለአንድ ቤተሰብ በተለመደው መጠን የተሠራ ማጠራቀሚያ በየ3 እስከ 5 ዓመት ይመጠጣል፤ ተከራይ የበዛበት ግን በዓመትና በሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ጊዜውም በጋ ይሁን። በክረምት መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ሳለ ባዶ የተደረገ ማጠራቀሚያ፥ በተለይ የፕላስቲክ ሮቶ ከሆነ፥ ከመሬቱ ተንሳፎ ቱቦዎቹን ሊሰብር ይችላል።

የመምጠጫ መኪና በከተማው ከሌለ ከሌላ ከተማ ይጠራል፤ ወጪው ለአንድ ግቢ ይከብዳል። ለዚህም ብልሃቱ በአገራችን ያለ ነው። ለቀብር ዕድር፥ ለገንዘብ ዕቁብ ካለን፥ ጎረቤታሞች በየወሩ ጥቂት እያዋጡ መኪናውን በአንድ ጉዞ ለብዙ ግቢ ቢያስመጡት ምን ይከለክላል? የተመጠጠውም ወዴት እንደሚራገፍ ይጠይቁ። በአዲስ አበባ መኪኖቹ የሚያመጡት ዝቃጭ በቃሊቲና በኮተቤ በተዘጋጀለት ማድረቂያ መደብ ላይ ሲራገፍ ኖሯል። እንዲህ ያለ ቦታ በሌለበት ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ ከወንዝና ከምንጭ የራቀ ስፍራ እንዲለይ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው።

የራቀው ጒድጓድ ጎረቤት ነው

«የእኔ ጒድጓድ ለእኔ ነው» የሚል ካለ የለንደኑን ነገር ይስማ። በ1854 እ.ኤ.አ. በብሮድ ስትሪት ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 ሰው በላይ ገደለ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ሟቾቹ ውኃ የሚቀዱት ከአንድ የእጅ ፓምፕ መሆኑን አሳየ። በኋላም ሲቆፈር፥ የታመመች ሕፃን የልብስ እጣቢ ይፈስበት የነበረ የአንድ ቤት ጒድጓድ ግንቡ ፈርሶ፥ ከውኃው ጒድጓድ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ እየሾለከ ተገኘ። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ዞን የታየው ኮሌራ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ ነበር። ስለዚህ ጒድጓድ ከውኃ ጒድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በተዳፋት መሬት ላይም ከውኃው በታች በኩል ይሁን።

ከሁሉም በላይ ግን

ሽታ የሌለው ጒድጓድ ደኅና ነው ብለው አይታለሉ። ከሚበሰብሰው ቆሻሻ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በመጀመሪያ የበሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው የጠፋ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ነው የሚገድለው። ሜቴን የተባለው ጋዝ ደግሞ በክብሪት ይቀጣጠላል፥ የሚተነፈሰውንም አየር ቦታ ያሳጣል። የወረደው ሰው በጥቂት ትንፋሽ ይወድቃል፤ ወንድሙን ሊያወጣ የዘለለውም በላዩ ይወድቃል። በብዙ አገር የሚሞተው አንድ ሰው ሳይሆን ሁለትና ሦስት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሰው ቢወድቅ ተከትለው አይግቡ። ይጩኹ፤ ክዳኑን ሁሉ ይክፈቱ፤ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ገመድ ከላይ ይጣሉለት፤ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ወይም ፖሊስን ያስጠሩ። የላላ ክዳን ካዩም ዛሬውኑ ያስጠግኑ፤ ሕፃናት በላዩ ይሮጣሉ።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ተከራይ ቢሆኑ «ጒድጓዱ የባለቤቱ ነው» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግንቡ የባለቤቱ ነው። የሚሞላው ግን በእርስዎና በጎረቤትዎ ነው። የዚህ ወር ኪራይ ሲከፍሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ክዳኑ የት ነው? መቼ ተመጠጠ? የሚቀጥለው መቼ ነው? አከራዩ «ግድ የለም፥ ሰው አስወርደን እናስጠርገዋለን» ካለዎት ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንሥተው ያንብቡለት።