ዳገቱ ላይ የሚጠብቅ ሰው

አርሲ፣ ጢቾ ዙሪያ ባደግሁበት ገጠር ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም ነበር። «ከወንዙ ወዲህ»፣ «ከዳገቱ ወዲያ» ነበር የምንባባለው። ማለዳ፣ የደጋው ብርድ ጣት ሲቆርጥ፣ ደብተራችንን በፌስታል ጠቅልለን ከየቤቱ እየተጠራራን እንወጣለን። ወንዙ ዳር ስንደርስ የቀደመው የዘገየውን ይጠብቃል። ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ ብቻውን የሚሻገር ልጅ አልነበረም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው። ከተሻገርን በኋላ ደወሉን ለመቅደም ሩጫ ነው፤ እያወራን፣ እየተሳሳቅን። ስፖርት ነው ያለን ሰው አልነበረም።

ያ የትምህርት ቤት መንገድ በኋላ የተመራማሪዎች ጥያቄ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን የትውልድ ቦታና የልጅነት ጉዞ ጠይቆ ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ 73 በመቶው ከአርሲና ከሸዋ የወጡ ሆነው ተገኙ፤ ለማነጻጸሪያ ከተጠየቁት ሌሎች ኢትዮጵያውያን ግን የሁለቱ አካባቢ ልጆች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ የነበሩት ከማራቶን ሯጮቹ 68 በመቶ፣ ከማነጻጸሪያዎቹ 24 በመቶ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥናቱ ያልጠየቃቸው ሰዎች ነገር ነው። በዚያው መንገድ ሮጠው ገበሬ፣ አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊ የሆኑት እጅግ ይበዛሉ። እኔም ከእነሱ ነኝ።

ኃይሌ ገብረሥላሴም ቢሆን ከእኛው መሀል ነው የተነሣው። አሰላ አጠገብ በገበሬ ቤት፣ ከአሥር ልጆች አንዱ ሆኖ ተወለደ። አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ተማረ፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ታጠፍ ይል የነበረው ደብተር ይይዝበት ስለነበር ነው። አባቱ ሩጫ እንጀራ ይሆናል ብለው አላመኑም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሲሮጥ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ፈጅቶበታል። መስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር 2፡03፡59 ገባ። በመካከሉ 44 ደቂቃ አለ፤ ያቺን 44 ደቂቃ ለመቀነስ ሃያ ዓመት ገደማ ወስዶበታል። ስለ ተሰጥኦ ሲወራ ይህ ሃያ ዓመት ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። መስመሩን አልፋ ቆመች። እገዳ ተነሥቶላት ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችውን የደቡብ አፍሪካን ሯጭ፣ ኤላና ሜየርን፣ ጠበቀቻት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ኦሊምፒክ ላይ ኃይሌ በጉዳት ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየዞሩ አዩት፤ ፍጥነታቸውንም ቀነሱለት። መድረስ እንደማይችል ሲያውቁ ሄዱ፤ ወርቁና ብሩ የእነሱ፣ አምስተኛው ቦታ የእሱ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ደራርቱ በ37 ዓመቷ ማራቶኑን አሸነፈች። መንገድ ላይ ተፎካካሪዋ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም ዞራ እንዳበረታታቻት የሩጫ ወዳጆች ዛሬም ያወሩታል። እነዚህን ሦስቱን ሳስብ የሚመጣብኝ የእኛ ወንዝ ነው።

እኔ የሩጫ ጫማ ያሠርኩት በ43 ዓመቴ፣ ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሐኪም ተንቀሳቀስ ሲለኝ ነው። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከአንዱ የመብራት እንጨት እስከ ቀጣዩ ሮጬ ጎኔን ወጋኝ። ለካ እልህ ይዞኝ እየፈጠንኩ ነበር። አብሮኝ የሚሮጥ ጡረተኛ ጎረቤቴ፣ «ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ሶምሶማ በል» አለኝ። ያኔ የልጅነት ሩጫችን ትዝ አለኝ፤ ወሬው ነበር ልካችንን የሚጠብቅልን። በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ በ1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው የተጀመረውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ሮጥኩ። ከኋላ ነበርኩ፤ የማላውቀው ሁሉ «አይዞህ!» እያለኝ አለፈ።

ባለፈው ታኅሣሥ ዘመድ ጥየቃ ጢቾ ወረድኩ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ማለዳ ተነሥቼ የድሮውን መንገድ ያዝኩ። ዳገቱ ላይ ሳንባዬ እምቢ አለኝ። ደብተር በብብቱ የያዘ አንድ ልጅ አልፎኝ ሽቅብ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ ቆመ።

«ጀባዱ፣ በርቱ ጋሼ! ትንሽ ነው የቀረዎት።»

ከወዲያ ማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ልጁ ወደዚያ ዞር ብሎ አየ፤ መልሶ እኔን አየ። አጠገቡ እስክደርስ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቁልቁለቱን በረረው።