ባለ ውቃቢዋ ቤት የተገኘው መድኃኒት

በ1924 ዓ.ም. ክረምት ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ ጎንደር ገባ። ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ የሚወጣው፣ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የጥናት ጓድ ጸሐፊ ነበር። መንፈሱ የታወከ ሰው ነው፤ ከጉዞው በፊት ፓሪስ ውስጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ሲከታተል ቆይቷል።

ጎንደር ላይ የወይዘሮ መልካም አያሁን ስም ሰማ። አሮጊቷ የታወቁ ባለ ውቃቢ ናቸው። ሌሪስ ከአስተርጓሚው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ቤታቸው ይመላለስ ጀመር። ቡና ይፈላል፣ ከበሮ ይመታል፤ በጭብጨባው መሐል ከተሰበሰቡት ሴቶች አንዷ ዛሯ ይነሣባትና በሌላ ድምፅ ትናገራለች። ሌሪስ የሚያየውን ሁሉ በማስታወሻው አሰፈረ። አንድ ጥያቄ ግን አልለቀቀውም፦ ይህ እውነት ነው ወይስ ትያትር? እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የደረሰበት መልስ በሁለቱ መካከል ነበር፤ ሴቶቹ የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ትያትር ነው አለ።

ትያትር ነው ቢባልም ሴቶቹ ለምን ተመልሰው ይመጣሉ?

በ1940ዎቹ ዓ.ም. ጎንደር የመጣው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ በሌላ በኩል ጠየቀ፤ የሚመጡት እነማን ናቸው? ምንስ ያገኛሉ? አብዛኞቹ የሚያዳምጣቸው ያጡ ባለትዳር ሴቶች ሆነው አገኛቸው። ሚስት አፍ አውጥታ የማትጠይቀውን ልብስና ጌጥ ዛሯ ሲጠይቅ ባል እምቢ ለማለት ይፈራል። ከዚህ የሚበልጥም ነገር አየ። ዛሩ ተባሮ አይሄድም፤ ይለመናል፣ ይታረቃል። ታማሚዋም ድነሻል ተብላ አትሰናበትም፤ የቤቱ አባል ትሆናለች። የምታክማትም ራሷ በዚያው ሕመም ያለፈች ናት። ሜሲንግ ሌሪስ መጽሐፉን ባወጣበት በዚያው ዓመት ጥናቱን አሳተመና ነገሩን በቡድን የሚሰጥ ሕክምና አለው።

ዛርን ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ ወጪውም ቤት ያራቁታል። መመለስ ያለበት አምልኮው አይደለም። ፈዋሹ ግን ሌላ ነበር፦ የታመመችውን የሚያምናት፣ የሚሰማት፣ ተመልሳ ስትመጣም የሚቀበላት ሰው። እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ሥነ ልቦና ቁስል የጻፈችው አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁዲት ኸርማንም ማገገም በብቸኝነት እንደማይመጣ፣ በሰው ለሰው ግንኙነት ውስጥ እንደሚገኝ አስረድታለች።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከጎንደር በስተ ሰሜን ባለችው ዳባት ዙሪያ ደረሰ። ልጅ የቀበሩ፣ ቤት የተቃጠለባቸው እናቶች አሁንም እዚያው ናቸው። የአእምሮ ሐኪም ለሁሉም አይደርስም፤ እድርና የጽዋ ማኅበር ግን በየመንደሩ አለ። ለቅሶ ደራሽ ከተበተነ በኋላ ያው ማኅበር ሐዘንተኛዋን በየወሩ እየጠራ ቢያዳምጣት፣ ትናንት ያገገመችውም ዛሬ ለተጎዳችው ደጋፊ ሆና ብትመደብ፣ ደጋው ሕክምናውን ከራሱ ቤት ይጀምራል።