ፈለግ፦ በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ስለ ሞተርሳይክል አነዳድ



በግእዝ «ፈለግ» ወንዝ ማለት ነው፤ በአማርኛችን ደግሞ ዱካ ማለት ሆኗል። ሁለቱ ፍቺዎች ለዛሬው ንግግሬ መግቢያ ይሆኑኛል፤ በጎንደር ደጋ የጎማ ዱካ እንዴት የጎርፍ መሄጃ እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁና።

ሰውና አጋሰስ ብቻ ያልፉባቸው በነበሩ ጠባብ የጫካ መንገዶች ዛሬ ሞተርሳይክልም ይሄዳል። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ የሚደርሱት በእርሱ ነው። እኔም ለመስክ ሥራ ለዓመታት ነድቻለሁ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የነጂውና የሞተሩ ክብደት ወደ ፊተኛው ጎማ ያዘነብላል። የኋላው ጎማ ስለሚቀል መሬቱን የመያዝ ዐቅሙ ይቀንሳል። ልምድ ያላካበተ ነጂ ግን በድንጋጤ አጥብቆ የሚረግጠው የኋላውን ፍሬን ነው። ያን ጊዜ ጎማው መሽከርከሩን ያቆምና እንደ ማረሻ አፈሩን እየሰነጠቀ ይንሸራተታል።

በአንድ ሰኔ መጀመሪያ፣ ከጎንደር ከተማ በላይ ባለው የአንገረብ ተፋሰስ፣ እኔም እንዲሁ አድርጌ ወረድኩ። የተውኩት መስመር የአንድ ጣት ጥልቀት እንኳ አልነበረውም። በመስከረም ስመለስ ከስንዝር ያለፈ ቦይ ሆኖ አገኘሁት። ውኃ የተሸከሙ አንዲት እናት ሊሻገሩት ሲቸገሩ ደረስኩ። «ልጄ፣ ይህን የቆፈረው ጎርፍ ነው?» አሉኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዘልኝም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የበቅሎ ኮቴ ዱካ የተቆራረጠ በመሆኑ ውኃው በየጉድጓዱ ያርፋል። የጎማ ዱካ ግን ያልተቋረጠ መስመር ነው፤ የክረምቱን ውኃ ሰብስቦ ቁልቁል ይነዳዋል። የሚታጠበው አፈር ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ ወደሚሰጠው ወደ አንገረብ ግድብ ይወርዳል። የግድቡ ደለል ሁሉ ከሞተር መጣ አልልም፤ የተዳፋት እርሻና የደን መመናመን ይበልጣሉ። ሆኖም የራሳችንን ድርሻ መቀነስ በእጃችን ነው።

ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ወደ 40 ስንጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው የመቆሚያ ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋልና። ከዚያም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳንጨብጥ፣ ሞተሩ ራሱ ጎማውን እንዲገታ እንተወዋለን። በእግር መርገጫው ላይ ቆመን፣ ጉልበታችንን ዐጠፍ፣ ወገባችንን ወደ ኋላ ሳብ እናደርጋለን። የፊቱን ፍሬን በሁለት ጣት ቀስ አድርገን እንይዛለን፤ ዓይናችን ከጎማው ሥር ሳይሆን ከሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ይሁን። የተጫነ አጋሰስ ሲመጣ ሞተሩን አጥፍተን እናሳልፍ። አፈሩ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አቁመን በእግራችን እንሂድ።

ያን መንገድ ያቀናው የእግረኛ እግር ነው። የሞተር ነጂ ችሎታ የሚለካውም ቶሎ በመድረሱ ሳይሆን ከኋላው በሚተወው ፈለግ ነው።