ስለ ቅቤ ቢጫው ጽጌ ረዳና ስለ ቢሾፍቱ ሐይቅ ውሃ

ጽጌ ረዳ አበባው ቢጫ ሲሆን ደስ ያሰኛል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ግን ያሳስባል። ይህን አጭር ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን፣ ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ ከተማ፣ በሆራ ሐይቅ አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ግቢ ውስጥ ያየነው ነገር ነው። ከእኛ መካከል አንዱ በሚኖርበት በዚህ ግቢ ሦስት እግር ጽጌ ረዳ አለ። አበባቸው ነጭም ቢጫም የማይባል፣ አዲስ የወጣ ቅቤ የሚመስል ነው። የቤቱ እመቤት ከሟች እናታቸው የቀሩላቸው በመሆናቸው ከግቢው ተክል ሁሉ አብልጠው ይወዷቸዋል።

በበጋ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ እኛው ራሳችን ከሐይቁ በጀሪካን እየቀዳን ተክሎቹን እናጠጣ ነበር። ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ውሃውም ያለ ዋጋ ነውና ሥራችንን እንደ በጎ ነገር ቈጠርነው። በየካቲት ወር ግን አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች እየገረጡ መጡ። መሬቱ ተርቦ ይሆናል ብለን የከብት ፍግ ጨመርን፤ ቀጥሎም አመድ ነሰነስን፤ የባሰ ሆነ። በሚያዝያ እመቤቲቱ «አርጅተዋልና ይነቀሉ» እስከ ማለት ደረሱ። እኛም ከመነቀላቸው በፊት ነገሩን እንመርምር ብለን ለመንናቸው። የደረስንበትን እነሆ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ ጥቂት ቃል እንናገር። «ሃይብሪድ ቲ» የሚባለው የጽጌ ረዳ ወገን ከቻይና የመጣው የሻይ ጽጌ ረዳ ከአውሮፓ ጠንካራ ዝርያዎች ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። የዚህ ወገን መጀመሪያ ተብሎ የሚቈጠረው «ላ ፍራንስ» በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1867 ወጣ። ደማቅ ቢጫ ቀለም ወደዚህ ወገን የገባው ግን ፐርኔ ዱሼ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1900 ባወጣው «ሶሌይ ዶር» በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ከወጡት ፈዛዛ ቢጫዎች ሁሉ ዝነኛው፣ ፍራንሲስ ሜያን ያዳቀለውና እ.ኤ.አ. በ1945 «ፒስ»፣ ማለት ሰላም፣ ተብሎ የተሰየመው ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት፣ ቀኗ ብሩህ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ይህም አየር ለእንዲህ ዓይነቱ አበባ የተስማማ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በአየሩ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ቅጠል ቢጫ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን የትኛው ቅጠል አስቀድሞ ቢጫ እንደ ሆነ ያየ ሰው በሽታውን ለመለየት መንገድ ያገኛል። ተክል ናይትሮጅን ባነሰው ጊዜ፣ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ይቀድማሉ። ብረት ሲያንሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብረት አንዴ በአሮጌው ቅጠል ከገባ በኋላ ወደ አዲሱ በቀላሉ አይዛወርምና፣ ጫፍ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ይገረጣሉ፤ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እንደ መረብ ይታያል። በግቢያችን ያየነው ይህንኑ ነበር። እኛ ግን ጫፉ እየታመመ ሳለ የሥሩን ረኃብ እናክም ነበር።

ታዲያ በአፈሩ ውስጥ ብረት ጠፍቶ ነውን? አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ አፈር ብረት አያጣም። ችግሩ ብረቱ መሟሟት አለመቻሉ ነው። የውሃና የአፈር አሲድነትና አልካላይነት በፒኤች ቍጥር ይለካል፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይ ነው። ጽጌ ረዳ የሚወደው ከ6 እስከ 6.5 ያለውን ነው። የሆራ ውሃ ግን 9 ገደማ ይደርሳል። አንዱ ቍጥር ከሚቀጥለው በዐሥር እጅ ስለሚለይ፣ 9 ከ7 ጋር ሲነጻጸር መቶ እጅ አልካላይ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ የራሰ አፈር ብረቱን ቈልፎ ይይዘዋል፤ ሥሩም በማዕድ ላይ ተቀምጦ እንደሚራብ ሰው ይሆናል። የነሰነስነው አመድም ራሱ አልካላይ ነውና በቍስል ላይ እንጨት ሰደድን።

የሐይቁ ውሃ ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። የሚወጣቸው ወንዝ የለም። ውሃው ከዐለቱ ያሟሟውን ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይገባል፤ ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨውን ትታው ትሄዳለች። ይህ በብዙ ሺህ ዓመት ሲደጋገም ሐይቁ አልካላይ ይሆናል። ስሙም ይህንኑ ይነግረን ነበር፤ «ሆራ» በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለበት ውሃ ነውና። አገሬው አስቀድሞ ያወቀውን እኛ ተማሪዎቹ ዘግይተን ደረስንበት።

መውጫ ወንዝ መኖሩ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ በዚያው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ማየት ይቻላል። የዝዋይ ሐይቅ መቂና ቀጠር የተባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ በቡልቡላ ወንዝም ይወጣል፤ ስለዚህ ጨውን አያከማችም። በባቱ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጽጌ ረዳ በሰፊው ሊመረት የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቡልቡላ የሚገባበት አቢያታ ግን መውጫ ስለሌለው የሶዳ ሐይቅ ነው።

ይህን ያለ መሣሪያ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ካርካዴ አፍልቶ ያቀዝቅዝ። ከዚያም በአንድ ብርጭቆ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የሐይቅ ውሃ ሞልቶ በእያንዳንዱ ጥቂት ጠብታ ይጨምር። በዝናቡ ውሃ ቀይነቱ ይቈያል፤ በሐይቁ ውሃ ግን ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያደላል። እመቤቲቱን ያሳመንናቸው በክርክር ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ብርጭቆዎች ነው።

መፍትሔው ምንድር ነው? አንደኛ፣ የሐይቁን ውሃና አመዱን መተው ነው። ሁለተኛ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው፤ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የሚፈሰውና የሚተነው ሳይቀነስ፣ 800 ሊትር ይሆናል። ለአንድ እግር በሳምንት 15 ሊትር ብንመድብ፣ ሦስቱ በ30 የበጋ ሳምንታት 1,350 ሊትር ይፈልጋሉ። ይህም ሰባት ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። ያን ያህል በርሜል የሌለው ሰው የቧንቧ ውሃ በተገኘ ጊዜ ቢጨምርበት፣ የተክሉንም ግርጌ በደረቅ ሣር ቢሸፍን ብዙ ውሃ ያድናል።

ሦስተኛው የአፈሩ ሕክምና ነው። ሶዲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ በዚህ ጊዜ መሬቱ ይደፈንና ውሃ ከላይ ይተኛበታል። ከክረምት በፊት ያልተቃጠለ የጀሶ ድንጋይ ዱቄት ከአፈሩ ጋር ቢደባለቅ፣ በውስጡ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል፤ ዝናቡም ሶዲየሙን አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። ለግንብ ማለስለሻ የሚሸጠው ጀሶ ግን የተቃጠለ ስለ ሆነ፣ ውሃ ሲነካው ይጠነክራልና ለዚህ ሥራ አይሆንም። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትም ይረዳል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ክረምቱ ሲወጣ ከሦስቱ ሁለቱ አረንጓዴ ቅጠል አወጡ፤ በጥቅምትም አንደኛው አበበ። ሦስተኛው ግን ሥሩ ተጎድቶ ኖሮ ደረቀ። የደረቀውን የነቀልነው እኛው ነን፤ እመቤቲቱ አልወቀሱንም፤ ዝምታቸው ግን ከወቀሳ ይከብድ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ውሃ ሁሉ ውሃ አለመሆኑን ነው። በሐይቅ ዳር ግቢ ያለው ሰው ጀሪካኑን ከማንሣቱ በፊት ሐይቁ መውጫ እንዳለው ይጠይቅ። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢኖር ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።